ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ፣ ሥራው ግን ባለበት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። በአንዲት የዞን ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ስድስት ሠራተኞች፣ አራት ኮምፒውተሮችና ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚጠፋ ኢንተርኔት አለን። አምና ለሦስት ቀን የኢንተርኔት ሥልጠና ተሰጥቶን ሰርተፊኬት ተቀበልን። በወሩ ግን የተማረውን ሲሠራበት ያየሁት ሰው የለም። ካታሎግ የሚሠሩልን ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ማውስ መንካት ይፈራሉ። ወጣቶቹ ስልክ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ አንባቢ መጥቶ ሲጠይቃቸው ግን እጃቸው ያጥራል። የቴሌግራም ቻናል ነበረን፤ የከፈተው ልጅ ሥራ ሲለቅ ቻናሉም አብሮት ሄደ። አሁን ደግሞ «የዲጂታል ዕቅድ አቅርቡ» ተብለናል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕቅዱን ከመጻፍዎ በፊት አንድ ባለ መስመር ደብተር የውሰት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ለሁለት ሳምንት፣ አንባቢ ጠይቆ ያልተመለሰለትን ወይም በግማሽ የተመለሰለትን ነገር ሁሉ ሠራተኞችዎ በራሱ በአንባቢው ቃል ይጻፉበት። የአንባቢው ስም አያስፈልግም፤ ቀኑና ጥያቄው ይበቃል። «የፊዚክስ ሙከራ የሚያሳይ ነገር አላችሁ?»፣ «ይህችን የአባቴን የድሮ ጽሑፍ በኮምፒውተር አስገቡልኝ»፣ «አዲስ መጽሐፍ ስትቀበሉ እንዴት ልወቅ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይሰበሰባሉ። ሠራተኞቹ ሊማሩት የሚገባው ነገር ዝርዝር ከዚህ ደብተር ይወጣል።

የአምናው ሥልጠና የጠፋው ሠራተኞችዎ ሰንፈው አይደለም። ሥልጠናው መሣሪያውን አሳየ እንጂ ሰኞ ጠዋት ማን በመሣሪያው ለየትኛው አንባቢ ምን እንደሚሠራ አልነገራቸውም። የሚጠብቀው ሰው የሌለው ሙያ ከእጅ ይወጣል። ስለዚህ ከደብተሩ ላይ አንድ ጥያቄ፣ ለጥያቄው የሚሆን አንድ መሣሪያ፣ በሳምንቱ መጨረሻም ለአንባቢ የሚሰጥ አንድ የተጠናቀቀ ሥራ ይሁን።

ይህ አካሄድ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ የሻርለትና መክለንበርግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2006 «23 ነገሮች» የሚባል መርሐ ግብር ለሠራተኞቹ አዘጋጅቶ ነበር። አዳራሽ ውስጥ የሚያስተምር አሠልጣኝ ሳይቆም፣ ሠራተኛው በ9 ሳምንት ውስጥ ትንንሽ ሥራዎችን ራሱ እየሞከረ ይጨርስ ነበር። ለጨረሰም የሙዚቃ ማጫወቻ ተሸለመ። በኋላ በብዙ አገሮች ያሉ ቤተ መጻሕፍት ወሰዱት። ቅርጹን እርስዎም ይውሰዱ፤ ዝርዝሩን ግን አይቅዱ። ያኔ ሞክሯቸው ተብለው ከተዘረዘሩት ድረ ገጾች ጥቂት የማይባሉት ዛሬ ተዘግተዋል፤ የአንባቢዎችዎ ጥያቄም ሌላ ነው።

ጊዜውን አሁኑኑ ይቁረጡ። በር ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት ቢሆን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 30 ሰዓት ይሆናል። ከሦስቱ ቀን ሥልጠና ብዙም አይበልጥም፤ ግን ሌሊት እያደረ፣ ሥራ ላይ እየዋለ የሚገባ 30 ሰዓት ነው። «ሲመቻችሁ ተለማመዱ» የሚል መመሪያ አይስጡ፤ የሚመች ጊዜ መቼም አይመጣም። ስድስቱን በሦስት ጥንድ ይክፈሏቸው፤ ሦስት ኮምፒውተር ለልምምድ ይዋል፣ አራተኛው ለአንባቢ ይቅር። በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ ማውሱን የሚይዘው የማያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀው በአፉ ብቻ ይናገር፤ እጁን ከሰደደ ትምህርቱ የዚያን ቀን አበቃ። ወጣቶቹን ከሁሉ በላይ የሚከብዳቸው ይህ ስለሆነ ቀድመው ይንገሯቸው። ሁሉም ሰው ደግሞ የሠራውን ደረጃ በደረጃ በራሱ እጅ፣ በራሱ ቋንቋ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የታተመ መመሪያ ከመሳቢያ አይወጣም፤ በእጅ የተጻፈች አንድ ገጽ ግን ኪቦርዱ ሥር ተቀምጣ ትገለጣለች።

ጋሼን በተመለከተ፣ ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ የማውሱ እንጂ የትምህርቱ አይደለም። የመጀመሪያው ችግር ሁለቴ መጫን ነው፦ ጣት ሲዘገይ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ጭነት አድርጎ ይወስደውና ፋይሉ አይከፈትም፤ ሰውየው «እኔን እንቢ አለኝ» ይላል። በማውሱ ማስተካከያ ውስጥ የሁለቴ መጫኑን ፍጥነት ወደ ዝግታው ይጎትቱላቸው፤ የቀስቱን መጠን ያሳድጉ። ድረ ገጽ ሲያነቡ ኮንትሮልን ይዘው የመደመር ምልክቱን ቢጫኑ ፊደሉ ይተልቃል። እነዚህ ሦስቱ አምስት ደቂቃ አይፈጁም። የመጀመሪያውን ሳምንት ካርታ መደርደሪያ ጨዋታ ቢጫወቱም አይፈሩ፤ መጎተትና መጣል የሚለመደው በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ጋሼ ተማሪ ብቻ ሆነው አይቆዩ። አማርኛ ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ ወጣቶቹ የሚስቱትን እሳቸው ያውቁታልና። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ጸ በሁለት፣ ሀ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ፊደል ስለሚጻፍ ብቻ ስድስት መልክ ይኖረዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ፊደሉን እንጂ ድምፁን አያውቅም። «ዓለም» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ «አለም» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ነው። ከአንድ ሳምንት ያላነሰ ለዚህ ይስጡ። ጋሼ ሃያ ርእሶች ከመደርደሪያ ይምረጡ፣ ወጣቶቹ እያንዳንዱን በሚቻለው የፊደል ዓይነት ሁሉ በካታሎጉም በጉግልም ይፈልጉ፤ ምን በየትኛው እንደተገኘ ይመዝግቡ። ካታሎጋችሁ ኤክሴል ላይ ከሆነ ርእሱን ሽፋኑ ላይ እንዳለ ጽፋችሁ፣ አጠገቡ «ሌላ አጻጻፍ» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ኮሃ የሚባለውን ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ከተጠቀማችሁ ይህ የሚገባው 246 በሚባለው መስክ ነው።

እግረ መንገዳችንን ሁለት ስሕተት እንጠቁም፤ ሁለቱንም ጋሼ ወዲያው ያርሟቸዋል። የውጭ ሶፍትዌሮች የደራሲን ስም ይገለብጣሉ፤ አበበ ከበደ «ከበደ፣ አበበ» ሆኖ ይገባና አባትየው ደራሲ ይሆናል። በኮሃ የደራሲ ስም በሚገባበት 100ኛው መስክ ላይ የመጀመሪያውን አመልካች (ከመስኩ ቁጥር አጠገብ ያለውን ትንሽ ሳጥን) 1 ሳይሆን 0 ብታደርጉ ስሙ እንዳለ ይቀመጣል። ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። መስከረም 2016 የታተመ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 2023 ነው፤ የካቲት 2016 የታተመው ግን 2024። ወሩ ካልታወቀ 2023/24 ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። በደፈናው ስምንት መደመር መዝገቡን ለዘለቄታው ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ጠፋው ቻናል። ልጁ ከተገኘና ፈቃደኛ ከሆነ በአስተዳዳሪዎች ዝርዝር ገብቶ አዲሱን ሰው ሙሉ መብት ያለው አስተዳዳሪ ያድርገው፣ ከዚያ ባለቤትነቱን ያስተላልፍ። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው የባለቤቱ ስልክ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ካበራ ሰባት ቀን ካለፈውና በዚያ ስልክ ከገባ አንድ ቀን ከሞላው ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ደውለው ዛሬ እንዲያልቅ አይጠብቁ፤ ዛሬ የይለፍ ቃሉን ያብራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያስተላልፍ። ካልተገኘ አዲስ ከፍታችሁ የቻናሉን ኪው አር ኮድ በሩ ላይና በእያንዳንዱ የንባብ ጠረጴዛ ላይ ለጥፉ።

ድጋሚ እንዳይጠፋ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ በተቋሙ ስም የወጣ ሲም ካርድ። ቴሌግራሙም፣ የጂሜይል አድራሻውም በዚያ ቁጥር ይከፈቱ፤ ቁጥሩ በማንም የግል ስልክ አይመዝገብ። የይለፍ ቃሉ በፖስታ ታሽጎ ከማኅተማችሁ ጋር ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ አስተዳዳሪዎች ሁለት ሰው ይሁኑ። ሠራተኛ ሲለቅ በርክክብ ቅጹ ላይ «ቁልፍ፣ ማኅተም» ከሚለው ቀጥሎ «የዲጂታል አካውንቶች» የሚል መስመር ይግባ። ለአንባቢ በሚሰጠው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ብራውዘሩ የይለፍ ቃል እንዳያስታውስ አጥፉት፤ ካልሆነ ጠዋት የገባ ተማሪ ኢሜይል ከሰዓት ለሚመጣው ሰው ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ቻናሉ ላይ ምን ይለጠፍ? አዲስ የገባ መጽሐፍ ሽፋን፣ የመደርደሪያ ቁጥሩ፣ ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር አንድ አንቀጽ። የሥራ ሰዓታችሁ ከላይ ተሰክቶ ይቀመጥ። ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ በኋላ ራሱ እንዲለጠፍ ቀጠሮ ስትይዙለት ሰዓቱን ልብ በሉ፦ ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት 3:00 ኤ.ኤም. ከሞላችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይወጣል። የሚሞላው 9:00 ኤ.ኤም. ነው። በሕይወት ያሉ ደራስያንን መጽሐፍ በፒ.ዲ.ኤፍ. መልቀቅን ግን እንቃወማለን፤ ሌላው ሁሉ ያደርገዋል የሚለው ለቤተ መጻሕፍት ምክንያት አይሆንም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ደራሲው እንዲነበብ የምንፈልግ ከሆነ አንባቢውን ወደ መደርደሪያው እንጥራው። የሕፃናት ፎቶ ለመለጠፍም የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ።

የቆዩ የከተማችሁ ጽሑፎች፣ ፎቶዎችና ጋዜጦች ካሉ ግን ወደ ኮምፒውተር የማስገባቱ ሥራ የእናንተ ነው፤ ሌላ ማንም አይሠራላችሁም። እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት ያህል፣ ስጡ። ለተራ ጽሑፍ 300 ዲ.ፒ.አይ.፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ይበቃል። አንድ የኤ4 ገጽ በዚህ ልክ በቀለም ሳይታመቅ ሲቀመጥ 26 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 200 ገጽ ያለው መጽሐፍ 5.2 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው። በግራጫ ቢወሰድ ሲሶው ይበቃዋል። ቀለም የሌለውን ጽሑፍ በቀለም ስካን እያደረጉ በወሩ ዲስኩ ሞልቶ ሥራ ማቆም በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ዋናው ቅጂ ሳይታመቅ ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት፣ ለአንባቢ የሚሰጠው በፒ.ዲ.ኤፍ. ይሁን። ሁለት ዲስክ ላይ ቀድታችሁ አንዱን ከሕንፃው ውጭ አስቀምጡ።

ፋይሉን ስትሰይሙ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ዓይነቱና ተራ ቁጥሩ ይሁን፤ ለምሳሌ 2017-03-14_ጋዜጣ_001። ዜሮውን ካልጨመራችሁ 10ኛው ገጽ ከ2ኛው በፊት ሊሰለፍ ይችላል። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እዝባር አይቀበልምና «ት/ቤት» ወይም «ዓ/ም» ብላችሁ ስትጽፉ ስሕተት ነው ይላችኋል፤ ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ እንዳይነሣ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ስካን የተደረገው ገጽ ገና ሥዕል ነው፤ ቃል አይፈለግበትም። ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ቀላሉ መንገድ ጉግል ድራይቭ ነው። ምስሉን ከ2 ሜጋባይት በታች አድርጋችሁ ከኮምፒውተር ጫኑት፣ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ በጉግል ዶክስ ክፈቱት፤ ምስሉ ከላይ፣ ፊደሉ ከሥር ይመጣል። በሁለት ዓምድ የታተመ ጋዜጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ የግራውን መስመር ከቀኙ ጋር ያጋጥመዋልና እያንዳንዱን ዓምድ ለየብቻ ቁረጡ። ቀጥሎ የሚያጋጥማችሁ ተመሳሳይ ፊደላት መምታታት ነው፦ ነ ኘ ይሆናል፣ ደ ጀ ይሆናል፣ በ ላይ ያለች ትንሽ የቀለም ነጥብ ቡ ታደርገዋለች። ማኅተም ያረፈበት መስመርም አይነበብም። በስልክ ከሆነ የምታነሡት፣ ገጹ ሳይጎብጥ ከመስኮት አጠገብ ጥላ በሌለበት ይቀመጥ፤ ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን። አንዱ ጮክ ብሎ ከወረቀቱ ሲያነብ ሌላው ከስክሪኑ ቢያርም ሥራው ይፈጥናል፤ ጋሼና አንድ ወጣት ለዚህ ጥሩ ጥንድ ናቸው። የእጅ ጽሑፍ በዚህ መንገድ አይሞከር፤ ደብተሩ ላይ «የአባቴን» ተብሎ የተጠየቀውን ዓይነት የድሮ ጽሑፍ በኪቦርድ መተየብ ይሻላል።

ስትተይቡ በዩኒኮድ፣ ማለትም የየቋንቋው ፊደል በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ሆኖ በሚታወቅበት ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ፣ ይሁን። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። መለያው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኤብሪማ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ቀይሩት፤ አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ከተበተነ የድሮ ነው። በአራቱም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት የአማርኛ መጻፊያ ጫኑ። ኪማን ነፃ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የተለያየ ካለው ጋሼ በየጠረጴዛው እንደገና ፊደል ይቆጥራሉ።

ኢንተርኔቱ ሲጠፋስ? ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለእናንተ የተሠራ ያህል ነው። ዊኪፔዲያን በሙሉ ዚም በሚባል አንድ ፋይል ያወርዳል፤ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺህ ጽሑፍ ስላለው በትንሽ ፍላሽ ይገባል፤ እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል፣ ያለ ሥዕል የተዘጋጀው ያንሳል። ያ ተማሪ የጠየቀው የፊዚክስ ሙከራ ደግሞ ፌት በሚባለው ስብስብ አለ፤ እሱም በዚሁ መልክ ይወርዳል። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ሌሊት፣ ሲቋረጥ ካቆመበት በሚቀጥል ማውረጃ አውርዱ።

ወደ ፍላሽ ስትቀዱት «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ካለ ፍላሹ ቦታ አጥቶ አይደለም፤ ፋት32 በሚባለው አቀማመጥ ስለተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ኪዊክስ ያለበት ኮምፒውተር የራሱን ሰርቨር (ይዘቱን ለሌሎች መሣሪያዎች የሚያካፍለውን ክፍል) ሲያስነሣ ቁጥር ያለው አድራሻ ይሰጣል፤ በዚያው ዋይፋይ የተገናኘ ስልክ ሁሉ አድራሻውን ጽፎ ያነባል፣ አንድ ሳንቲም ዳታ ሳይቆርጥ። ካልከፈተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚከለክለው ዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፤ ለግል መረብ ፍቀዱለት። በማግስቱ ደግሞ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አድራሻው ተቀይሮ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ቁጥር ላይሠራ ይችላል። በራውተሩ ማስተካከያ ለዚያ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ያዙለት፤ ይህን ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል።

መብራት ለጠፋበት ቀን የሚሆን ልምምድም ይኑር፦ ደብተሩን መገምገም፣ የሚለጠፍ አንቀጽ በእስክሪብቶ መጻፍ፣ ፎቶዎችን ለይቶ ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ቀስ ብሎ ቁጥር መስጠት። ግማሽ ሰዓቱ በመብራት ሰበብ አንድ ቀን ከተዘለለ በሳምንቱ ሁለት ቀን ይዘለላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸውን መልስ ሰጪዎች መጨረሻ ላይ አምጧቸው። የመጀመሪያው ልምምድ ሠራተኛው አንብቦ ስለጨረሰው፣ መደርደሪያችሁ ላይ ስላለ የአማርኛ መጽሐፍ መጠየቅ ይሁን። የሌለ ገጸ ባሕርይ ወይም ያልተጻፈ መጽሐፍ በሙሉ ልብ ሲነግረው ያየ ሠራተኛ ከዚያ በኋላ መልሱን ሳያጣራ ለአንባቢ አይሰጥም። የአንባቢን ስም፣ ስልክ ወይም የውሰት መዝገብ እዚያ ላይ መለጠፍ ፈጽሞ አይፈቀድ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል።

በ12ኛው ሳምንት ፈተና አያዘጋጁ። ከደብተሩ ሦስት ያልተመለሱ ጥያቄዎች በዕጣ ያውጡና እያንዳንዱ ሠራተኛ ብቻውን፣ የራሱን ወረቀት እያየ ይመልሳቸው። ወረቀቱን ማየት ነውር አይደለም፤ የተጻፈው ለዚያ ነው። ያልተቻለው ጥያቄ የሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ሳምንት ይሆናል።

ለበላይ በሚያቀርቡት ዕቅድ ላይ አዲስ ኮምፒውተር አስቀድመው አይጠይቁ፤ ያሉት አራቱ ይበቃሉ። በተቋሙ ስም አንድ ሲም ካርድ ከአንድ ተራ ስማርት ስልክ ጋር፣ ባለ 1 ቴራባይት ሁለት ዲስክ፣ ራውተሩንና አንዱን ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ አንድ ዩ.ፒ.ኤስ.፣ የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ለሦስት ወር፣ ስድስት ደብተር። ከዕቅዱ ጋር የሁለቱን ሳምንት ደብተር ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርገው አያይዙ፤ ሰው ምን ጠይቆ ሳይመለስለት እንደሄደ የበላይ አካልም በዓይኑ ይየው።